የኔትወርክ ፈንክሽን አመዳደብ ላይ ተጣብቄያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርቹዋል የኔትወርክ ፈንክሽኖች (በተለየ መሣሪያ ፋንታ ተራ ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር የሚሠሩ የኔትወርክ አገልግሎቶች) የትኛው ሰርቨር ላይ ቢቀመጡ እንደሚሻልና ለእያንዳንዱ ስንት የፕሮሰሰር ኮር እንደሚያስፈልግ የሚወስን ሞዴል እየሠራሁ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ቆሜያለሁ።

ትራፊኩ መጀመሪያ በፋየርዎል (ያልተፈቀደውን የሚያግድ)፣ ቀጥሎ በናት (የአይፒ አድራሻ የሚቀይር)፣ መጨረሻ ላይ በሎድ ባላንሰር (ሥራውን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍል) ማለፍ አለበት፤ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም። የምሞክረው 14 ኖድና 21 ሊንክ ባለው ኤንኤስኤፍኔት (ለሙከራ የተለመደ የኔትወርክ ቅርጽ) ላይ ሲሆን በየኖዱ 4 ተመሳሳይ ሰርቨር አስቀምጫለሁ። በኢንቲጀር ሊኒየር ፕሮግራሚንግ (ውሳኔዎቹ ሙሉ ቁጥር በሆኑበት የሂሳብ ሞዴል) ጻፍኩት። 10 የአገልግሎት ሰንሰለት (በእነዚህ ፈንክሽኖች በተራ የሚያልፍ የትራፊክ ጥያቄ) ስሰጠው ወዲያው ይፈታል። 40 ሳደርሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ጠዋት ስከፍተው ጋፑ (የተገኘው መልስ ሊገኝ ከሚችለው ምርጥ መልስ ገደብ ያለው ርቀት) 31 በመቶ ላይ ተገትሮ አገኘዋለሁ።

ችግሩ ኤንፒ-ሃርድ (ሁልጊዜ በፍጥነት የሚፈታ ዘዴ ያልተገኘለት) መሆኑን አውቃለሁ፣ ተአምር አልጠብቅም። የምጠረጥረው ሲሜትሪውን ነው፤ ሰርቨሮቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሶልቨሩ (ሞዴሉን የሚፈታው ፕሮግራም) ፋየርዎሉን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዘዋወረ ያንኑ መልስ ደጋግሞ የሚፈትሽ ይመስለኛል። «1ኛው ሰርቨር ሳይበራ 2ኛው አይበራም» የሚል ገደብ ጨመርኩ፤ ትንሽ ረዳ፣ ግን አልበቃም።

ግሪዲ ዘዴም (በየደረጃው ለጊዜው የተሻለውን የሚመርጥ) ሞክሬያለሁ። ቅርብ ያለውን ሰርቨር ቀድሞ ስለሚሞላ ዘግይተው የሚመጡት ሰንሰለቶች ሩቅ ኖድ ይደርሳቸውና የሌተንሲ (የመዘግየት) ገደባቸውን ያልፋሉ። ይኼ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ባዶ ኮር ሞልቶ እያለ ነው ጥያቄው ውድቅ የሚሆነው።

አሁን ያሰብኩት ኮለም ጄነሬሽን (ሁሉንም አማራጮች በአንዴ ከማስገባት ይልቅ ጠቃሚዎቹን ኮለሞች ብቻ ቀስ በቀስ ወደ ዋናው ሞዴል የሚጨምር ዘዴ) ነው፤ አንድ ኮለም የአንድ ሰንሰለት ሙሉ መንገድና አቀማመጥ ይሆናል። በዚህ መንገድ የሄደ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፦ የኮር ምደባውን እዚያው ኮለሙ ውስጥ ላስገባው ወይስ ዋናው ሞዴል ላይ ልተወው?