የአባታችን የአደን ጠመንጃ ስንት ያወጣል?

ፒያሳ ያለውን የአባታችንን ቤት ዕቃ እየተከፋፈልን ነው። ከዕቃው መሃል አንድ የአደን ጠመንጃ አለ። ፈቃድ አለው፣ ለፖሊስም አሳውቀናል። የተጣላነው በዋጋው ነው።

እህቴ «በትዕዛዝ የተሠራ ነው፣ ውድ ነው» ትላለች። ቸርችል ጎዳና አካባቢ አሮጌ ዕቃ የሚነግዱ ሰውዬ ደግሞ ፎቶውን አይተው «የወታደር ማውዘር (የጀርመን ሥሪት ጠመንጃ) ነው፣ ሰደፉን ቀይረውት ነው» አሉ። ያዩት ግን ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ጌጥ ብቻ ነው። ጌጥ እኮ በኋላም ይጨመራል፤ መነሻውን አይነግርም።

እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠመንጃው የማውዘር 98 ዓይነት ነው። በርሜሉ ላይ ዘውድ ያለበት ሞላላ ማኅተም አለ፤ ውስጡ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት ተጽፈዋል። የቤልጂየሟ ሊዬዥ የፍተሻ ምልክት ነው። የተኩስ ጥንካሬ ፈተና ማለፉን እንጂ ማን እንደሠራው አይነግርም። የሠሪ ስም ፈልጌ አጣሁ። በግራ በኩል ደግሞ ጥይት በአውራ ጣት ተጭኖ የሚገባበት ጎድጓዳ ቁርጥ አለ፤ የወታደር ጠመንጃ ላይ የሚታወቅ ነገር ነው።

ሰደፉ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የዋልነት እንጨት ነው፤ የእንጨቱ መስመር በእጅ መያዣው በኩል ሳይቆረጥ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ብረትና እንጨት በተገናኙበት ወረቀት እንኳ አይገባም። እጅ እንዳያንሸራትት መያዣው ላይ ከተቀረጸው ጥልፍልፍ አንዱም መስመር ከጠርዙ አላለፈም። ይሄን የሠራ ሰው እጁ የተባረከ ነው።

የምታውቁ ንገሩኝ፦ መነሻው የወታደር ሆኖ ሥራው እንዲህ የጠራ የአደን ጠመንጃ ሲገመት፣ ዋጋውን የሚወስነው መነሻው ነው ወይስ የእጅ ሥራው?