የኪችን ካቢኔት ለማስገጠም የሚጠየቀው ዋጋ በምን ይሰላል?

ጠያቂ፣ ከኮዬ ፈጬ
ሰላም ለሁላችሁም። በኮዬ ፈጬ የደረሰን ኮንዶሚኒየም ውስጡ ያላለቀ ስለነበር፣ ወለሉንና ቀለሙን ጨርሰን አሁን የኪችን ካቢኔት ለማስገጠም ተዘጋጅተናል። ካቢኔቱ የሚያርፍበት ግድግዳ 3 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ነው። ሦስት ባለሙያዎች ለክተው የሄዱ ሲሆን፣ አንደኛው በሜትር፣ ሁለተኛው በካሬ፣ ሦስተኛው ደግሞ የእጅ ዋጋውን ብቻ ነገሩን። የትኛው እንደሚረክስ መለየት ስላልቻልን፣ ያስገጠማችሁ ወይም ሥራውን የምታውቁ ብትመክሩን ትልቅ ውለታ ነው።

አናጺ፣ ከአያት
በዚሁ ሥራ የምተዳደር ነኝ። በካሬ የሚጠራ ዋጋ ርዝመቱ በከፍታው ተባዝቶ የሚሰላ ነው። የእርስዎ የታችኛው ካቢኔት ከፍታ 85 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 2.72 ካሬ፣ የላይኛው 70 ቢሆን 2.24 ካሬ፣ በድምሩ 4.96 ካሬ ይመጣል። በሜትር የጠራው ግን የታችና የላዩን አንድ ላይ ከሆነ የሚያባዙት በ3.20፣ ለየብቻ ከሆነ በ6.40 ስለሆነ፣ ይህን ሳይጠይቁት ርካሽ ነው ብለው እንዳይዋዋሉ። የእጅ ዋጋ ብቻ የጠየቀዎት ደግሞ ኤምዲኤፉን (ካቢኔቱ የሚሠራበትን የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ)፣ ማጠፊያውን፣ የመሳቢያ ሐዲዱንና እጀታውን እርስዎ እንዲገዙለት ነው። አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ 1.22 በ2.44 ሜትር ስለሆነ የሚተርፈው ቁራጭም የእርስዎ ወጪ ነው። ግራናይቱንና የሲንኩን ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ስለሚሠራው፣ ዋጋው ውስጥ መኖሩን ይጠይቁ። የምጣዱ የኤሌክትሪክ መስመር ከካቢኔቱ በፊት ለብቻው ይዘርጋ፤ በኋላ የሚደረግ ከሆነ የተገጠመው ይፈታል።

ነዋሪ፣ ከቱሉ ዲምቱ
እኛ የተጎዳነው በዋጋው ሳይሆን በጠርዙ ነው። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ አንድ ሌሊት ውሃው ተመልሶ ሳናውቅ ከሲንኩ ሥር ካለው መጋጠሚያ ሲያፈስ አደረ። ጠዋት በሩን ስከፍት የታችኛው ጣውላ እንደ ሊጥ አብጦ፣ ላዩ ተልጦ አገኘሁት። ከኋላ በኩል ያለው ጠርዝ ማልበሻ ያልተለጠፈበት፣ የተቆረጠው ጎን እንደ ራቁቱ የቀረ ነበር። ሠራተኛው ሙሉ ሂሳቡን ተቀብሎ ስለነበር አልተመለሰም፤ ጣውላውን በራሳችን ወጪ አስቀየርን። እህቴ ሆይ ወይም ወንድሜ፣ የማይታየው ጠርዝ ሁሉ እንዲለበጥ በውሉ ላይ ይጻፉ፤ ሲንኩን እስከ አፉ ሞልተው ለቀው ሥሩ ደረቅ መሆኑን በእጅዎ ሳይዳስሱ የመጨረሻውን ክፍያ አይስጡ።

ሌላ ነዋሪ፣ ከየካ አባዶ
የሚሰጡት ገንዘብ ቀብድ መሆኑ በውሉ ላይ ይጻፍ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፤ እርስዎ ካፈረሱ ደግሞ ቀብዱን ያጣሉ። ደረሰኝ የሚቆርጥ ድርጅት ከሆነም 15 በመቶው ቫት በዋጋው ውስጥ መካተቱን ይጠይቁ።

ጠያቂ፣ ከኮዬ ፈጬ
እግዚአብሔር ይስጥልን። በሜትር የጠራውን ደውለን ስንጠይቀው፣ የነገረን ለታችኛው ብቻ ነው። ነገ ከሁለተኛው ባለሙያ ጋር ስለ ጠርዙና ስለ ግራናይቱ እንነጋገራለን።