የፕሪንተር ሴቲንግ ለሁሉም አካውንት እንዴት አንድ ይሁን?

ጥያቄ፦ አንድ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ 5 አካውንት አለ። በአድሚን ገብቼ ወረቀቱን ኤ4፣ ህትመቱን ጥቁርና ነጭ አደረግኩ፤ ሌሎቹ ሲያትሙ ግን አሁንም በከለር ይወጣል። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ የነካኸው ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስን ነው፤ እሱ ላንተ አካውንት ብቻ ነው። ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ ከፍተህ አድቫንስድ ታብ ውስጥ ከታች ፕሪንቲንግ ዲፎልትስ የሚለውን ተጫን፤ እዚያ ቀይረህ አፕላይ በል። ሁለቱ መስኮቶች መንታ ስለሚመስሉ ያሳስታሉ።

ሌላ መልስ፦ ቀድሞ የራሱን ምርጫ ያስቀመጠ ተጠቃሚ ካለ ግን ዲፎልቱ አይነካውም። በሱ አካውንት ገብተህ ፕሪፈረንስሱን ለብቻ አስተካክል።

ጠያቂ፦ ሠርቷል፣ አመሰግናለሁ። አንዱ አካውንት ላይ ዲፎልት ፕሪንተሩ በራሱ የሚቀያየረውስ?

መልስ፦ በዚያው አካውንት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ ገብተህ ዊንዶውስ ዲፎልት ፕሪንተሩን እንዲያስተዳድር የሚፈቅደውን አጥፋ። ክፍት ከሆነ መጨረሻ የታተመበትን ዲፎልት ያደርገዋል።