በቺያንግ ማይ ለሚከርም ሰው የፋኖሱ በዓል በትኬት ይሻላል ወይስ በሰፈር?

ጠያቂ (የቀሃ ልጅ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር የማስተምር ስሆን ለአንድ ዓመት ጥናት ወደ ሰሜን ታይላንድ፣ ወደ ቺያንግ ማይ ልሄድ ነው። ዪ ፔንግ የሚባለውን የፋኖስ በዓል እዚያው ሆኜ ስለማሳልፈው ሁለት ነገር አሳስቦኛል። አንደኛው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የወረቀት ፋኖሶች በአንድ ጊዜ የሚለቀቁበትን ዝግጅት ለማየት ትኬት ያስፈልጋል መባሉ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከመምህር ደመወዝ ጋር የሚታረቅ አይደለም። ሁለተኛው፣ ሻማ ተተክሎበት በወንዝ ላይ የሚንሳፈፈው ጌጥ፣ ክራቶንግ፣ ለውኃ እመቤት የሚቀርብ ነው ሲባል ስለሰማሁ፣ ኦርቶዶክሳዊ እንደመሆኔ እስከ ምን ድረስ መቅረብ እንደሚገባኝ ማወቅ እሻለሁ።

መላሽ (ሁለት ዓመት እዚያ የኖረ)፦
ትኬቱን ይተዉት ባይ ነኝ። ያ ዝግጅት በአብዛኛው ከከተማው ውጭ በተከለለ ሜዳ ላይ ለእንግዳ የሚሰናዳ ነው፤ ፎቶግራፉ ያምራል፣ በዓሉ ግን ሌላ ቦታ ነው። ቀኑ ጨረቃን ተከትሎ ስለሚሄድ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር 6፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ጥቅምት 26 ውሏል። ከዚያ ቀደም ባሉት ቀናት ሰዉ የቤቱንና የገዳሙን በር በዘንባባ ቅጠል፣ በሙዝ ግንድና በሸንኮራ አገዳ ያስጌጣል፤ ልዑል ቬሳንታራ (ቡድሃ በቀደመ ሕይወቱ እሱ ነበር የሚሉት) ከስደት ሲመለስ ያለፈበትን ደን እንዲመስል ነው ይላሉ፤ ታሪኩም በገዳማቱ ረጅም ሰዓት ይነበባል።

አከራዬ ከሰባ ዓመት ያለፉ ሴት ነበሩ። አመሻሹ ላይ ትናንሽ የሸክላ ኩራዞችን በዕድሜያቸው ቁጥር በአጥሩ ላይ ደረደሩ፤ ነፋሱ የዳሮቹን እያጠፋ ስላስቸገራቸው ከኋላቸው እየተከተልኩ መልሼ ሳበራ አመሸሁ። በቆይታዬ ሁሉ የሰፈሩ ሰው የሆንኩት ያን ምሽት ነው።

ፋኖስ ራስዎ መልቀቅ ካማረዎት በተፈቀደው ቀንና ሰዓት ብቻ ያድርጉት፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከአሮጌው ከተማ ብዙም ስለማይርቅ በእነዚያ ምሽቶች በረራዎች ይሰረዛሉ ወይም ሰዓታቸው ይቀየራል፣ ያለፈቃድ መልቀቅም ያስቀጣል። ስሱ ወረቀት በቀርከሃ ቀለበት ላይ የተወጠረ ስለሆነ፣ ከሥሩ ያለው ሰም ሲቀጣጠል አየሩ ሞቆ ፋኖሱ ከእጅዎ ለማምለጥ እስኪታገል ድረስ ቀለበቱን ሳያዘነብሉ ይያዙት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ቸኩዬ ስለለቀቅሁት ዘንበል አለና ወረቀቱ ተያያዘ፤ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ሳቀብኝ።

መላሽ (አስጎብኚ፣ ከፒያሳ)፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ትኬት መሸጡን ግን እንደ ነውር ባናየው ይሻላል። እኛም ለጥምቀት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ለእንግዳ መቀመጫ የእንጨት ርብራብ እናቆማለን። ጥር 11 ጠዋት ደርሶ ውኃው ሲረጭና ወጣቱ ሲዘል አይቶ የሚመለሰው እንግዳ ያየው ሐሰት አይደለም፤ በከተራ ታቦታቱን አጅቦ ወርዶ ሌሊቱን እዚያው ያደረው ሰው ያየው ግን ሌላ ነው። ጠያቂው የሁለት ቀን እንግዳ ስላልሆኑ እንደ ሁለተኛው ሰው ቢያዩት ይመረጣል።

ክራቶንጉ ከሙዝ ግንድ ቁራጭ ተሠርቶ በቅጠልና በአበባ የሚጌጥ፣ ሻማና የዕጣን ዘንግ የሚተከልበት ነው፤ ብዙዎች ውኃውን ስለተጠቀሙበትና ስላጎደፉት ሜ ኮንግካ የሚሏትን የውኃ እመቤት ይቅርታ የሚጠይቁበት ነው። ስለዚህ ተራ ጨዋታ ነው የሚልዎትን አይስሙ። ከፒንግ ወንዝ ዳር ቆሞ ማየትና በገዛ እጅ ማንሳፈፍ አንድ አይደሉም፤ ወሰኑን ከመሄድዎ በፊት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት።

ጠያቂ (የቀሃ ልጅ)፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ትኬቱን ትቼዋለሁ፤ በምትኩ ቤት ስከራይ ከገዳም አጠገብ፣ አዛውንት ያሉበት ግቢ እፈልጋለሁ። የክራቶንጉን ነገር ለንስሐ አባቴ አቀርባለሁ፤ ለአሮጊት አከራይ ክብሪት ማቀበሉ ግን የሚያስነቅፍ አይመስለኝም።