የውሃ ፎቶ አሳየኋቸው፤ ሁሉም «ውሃ ሕይወት ነው» ብለው ጻፉ

ጥያቄ፦ ቲቸር ማሂ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ነኝ። አርብ ከሰዓት በኋላ የሥነ ጽሑፍ ክበብ አለን። ባለፈው ፎቶ አይተው ፈጠራ እንዲጽፉ ብዬ አራት የውሃ ፎቶዎች ይዤ ገባሁ።

አንደኛው ጭስ ዓባይ ነው፤ በክረምት፣ ሞልቶ ሲወርድ። ሁለተኛው ጎህ ሲቀድ ጣና ላይ አንድ ሰው ታንኳ ሲቀዝፍ። ሦስተኛው ቦኖ ፊት የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች፣ ሰው የለም። አራተኛው ጎንደር፣ የጥምቀት ዕለት፣ ወጣቶች ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲዘሉ።

ከሞላ ጎደል ሁሉም «ውሃ ሕይወት ነው» ብሎ ጀመረ። ዓባይን የመረጡት ስለ ሀገር ፍቅር ንግግር አደረጉ። ጀሪካኑን የመረጡት ደግሞ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጠው» ብለው ዘጉት። ዜና እንጂ ታሪክ አይመስልም። ልጆቹ እኮ ሰነፎች አይደሉም። ቁጭ ብለው ሲያወሩ ወሬያቸው አይጠገብም። ብዕር ሲጨብጡ ነው ድርቅ የሚሉት።

እናንተ እንዴት ነው የምታስጀምሩት? ፕሮጀክተር የለንም። የትምህርት ቤቱ ፕሪንተርም ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያወጣው። ያለችኝ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ናት።


መልስ፦ የባሕር ዳር ልጅ

ቲቸር፣ እኔ ብሆን ጭስ ዓባይን አወጣዋለሁ። የሀገሬን ፏፏቴ ጠልቼ አይደለም። በጣም ታይቷል። ካላንደር ላይ አለ፣ ሆቴል ግድግዳ ላይ አለ፣ የድሮዋ የ1 ብር ኖት ጀርባ ላይ ሳይቀር ነበረ። ልጁ ፊቱ ያለውን ፎቶ አያይም፤ ድሮ የሚያውቀውን ካላንደር ነው የሚጽፍልሽ።

የግድ ካልሽ ሁለት ፎቶ አምጪ፤ አንዱ የነሐሴ፣ አንዱ የሚያዝያ። በነሐሴ ውሃው አፈር ጠጥቶ ቡናማ ሆኖ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጭሱ ሩቅ የቆመውን ሰው ሸሚዝ ያረጥባል። በሚያዝያ ግን ገደሉ ራቁቱን ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ቀጭን ውሃ ይንጠባጠባል። በጋው ብቻ አይደለም ምክንያቱ። እዚያው አጠገብ የኃይል ማመንጫ አለ። የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀምረዋል። ውሃው ወደዚያ ይጠለፋል።

አሁን ልጆቹን ጠይቂያቸው፦ አንድ አስጎብኚ ወጣት በሚያዝያ እንግዳ ይዞ መጣ። እንግዳው ፎቶ አይቶ ነው ከሩቅ የመጣው። ወጣቱ ምን ብሎ ያስረዳዋል? የወጣቱ ቤት ደግሞ በዚያው ጣቢያ መብራት ይበራል እንበል። ማንም ልጅ እዚህ ላይ ስለ ሀገር ፍቅር ንግግር አያደርግም፤ ወጣቱን ከጣጣው ማውጣት ነው የሚያሳስበው።

ስለ ታንኳው አንድ ነገር ልጨምር። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ስቦ ካላደረቁት ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ቢይዙትም ዕድሜው የወራት ነው። የሚቀዝፈው ሰው መቀመጫው ሥር ውሃ ሰርጎ እንደሚገባ ያውቃል። «ውብ ጠዋት ነበር» ብሎ አይጀምርም፤ ቂጡ ርሷል።


መልስ፦ ካሜራ ያዥ

ከላይ ያለው ወንድሜ አሳቀኝ፤ እውነቱን ነው ግን።

እኔ እንጀራዬ የሰርግ ፎቶ ነው። ውሃ የማነሳው ለራሴ ነው። ልጆቹ ስለ ውሃው ከመጻፋቸው በፊት ፎቶው እንዴት እንደተነሳ ይጠይቁ። የካሜራው ዓይን ለሰከንድ አንድ ሺህኛ ብቻ ከተከፈተ እያንዳንዱ ጠብታ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ለሁለት ሰከንድ ከተከፈተ ደግሞ ፏፏቴው ነጭ ሐር ይሆናል። ሁለቱንም በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ስለዚህ «ውሃው እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ይወርዳል» ብሎ የጻፈ ልጅ ወንዙን አልገለጸም፤ የእኔን ካሜራ ነው የገለጸው።

ይሄ ለጽሑፍ ይጠቅማል። ጠብታው ቀጥ ያለበትን ፎቶ ያገኘ ልጅ አንዲት ቅጽበት ይጻፍ፤ ከዝላዩ እስከ ውሃው ድረስ፣ አንድ ገጽ ሙሉ። ሐር የሆነውን ያገኘ ደግሞ ብዙ ዓመት በአንድ አንቀጽ ያሳልፍ። ሞክሪው፤ አጻጻፋቸው ወዲያው ይለያያል።

ሌላው፣ ፎቶ አንሺው የት ነው የቆመው? ዳር ነው? ውሃ ውስጥ ነው? የታንኳው ፎቶ ከውሃው ወለል ልክ ከተነሳ ፎቶ አንሺውም ሌላ ታንኳ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው አለ። ሁለት ሰው ካለ ወሬ አለ።

ጥቁርና ነጭ ያልሽውን በተመለከተ፣ ኮፒ ቤት ብታሠሪው ጎህ ሲቀድ የተነሳው ታንኳ ጥሩ ይወጣል፤ ሰውዬው ጥቁር፣ ውሃው ነጭ። ጀሪካኖቹም ይወጣሉ። ጭስ ዓባይ ግን ባዶ ነጭ ወረቀት ነው የሚሆንብሽ። ለኮፒ ቤቱ ልጅ «ትንሽ አጥቁርልኝ» በይው። አንድ ወረቀት ላይ አራቱንም አትደርድሪ፤ አንድ ገጽ ላይ አንድ ፎቶ።


ቲቸር ማሂ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ኮፒ ቤቱን አላሰብኩትም ነበር። ጀሪካኑ ላይ ግን እርዱኝ። ልጆቼ ብዙዎቹ ውሃ በፈረቃ የሚያገኙ ናቸው፤ ከማንም በላይ ያውቁታል። ግን ልክ ብዕር ሲያነሱ ጋዜጠኛ ይሆናሉ።


መልስ፦ የቦኖ ልጅ

እህቴ፣ እኔ ያደግኩት ቦኖ ወረፋ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ፎቶው ላይ ሰው የለም ብለሻል። አለ እንጂ! እያንዳንዱ ጀሪካን ሰው ነው።

ጠጋ ብለው ይዩት። ቢጫ ጀሪካን ሁሉ አንድ ይመስላል፤ የዘይት ነበር ሁሉም። ባለቤቱ እንዴት ይለየዋል? አንዷ እጀታው ላይ ጨርቅ ታስራለች። አንዷ በጥፍር ቀለም ስሟን ትጽፋለች። ክዳኑ የጠፋበት በፌስታል ይወትፈዋል። አንዱ ጎኑ ቀልጦ በላስቲክ ተጣብቋል። ከመሃል ደግሞ ድንጋይ ታገኛለሽ፤ «እዚህ ጋ እኔ ነኝ፣ መጣሁ» ማለት ነው። ድንጋይ ወረፋ ይያዝ አይያዝ የሚለው ክርክር ስንት ጎረቤት አኮራርፏል!

ስለዚህ እንዲህ በያቸው፦ አንድ ጀሪካን ምረጡ። የማን ነው? ለምን ትቶት ሄደ? ምን ሊያደርግበት ነው? 20 ሊትር 20 ኪሎ ነው፤ ማን ነው የሚሸከመው? ሊጥ የምታቦካ አለች፤ ነገ ሰርግ ያለባት አለች፤ አስከሬን የሚያጥቡ አሉ። አንድ ወረፋ ላይ ናቸው ሁሉም።

«የሚመለከተው አካል» እንዳይመጣ ደግሞ ሕግ አውጪ፤ ታሪኩ ውስጥ ጀሪካን ይዞ ካልመጣ በቀር ማንም አይገባም። ሚኒስትሩም ቢሆን ጀሪካን ይዞ ይሰለፍ።

ብዕር የሚከብዳቸው ልጆች ምልልስ ብቻ ይጻፉ። ሁለት ሰው ጀሪካን ተቀያይሮባቸዋል፦

«ይቺ የእኔ ናት።»
«በምን አወቅሽ?»
«እጀታዋ ላይ የእናቴ ነጠላ ጥለት ታስሯል።»
«እሱን እኮ እኔ ነኝ ያሰርኩት። እናትሽ ናት የሰጠችኝ።»

ከዚህ በኋላ አንቺ ቢሮ ገብተሽ ሻይ ጠጪ፤ ራሳቸው ይቀጥሉታል።


መልስ፦ ቤት መቺው

ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉም ስድ ንባብ ሆነ። ግጥምስ?

ደግሞ «ውሃ ሕይወት ነው» ይከልከል የሚል ካለ አልስማማም። ልጁ የሚያውቀው በር እሱ ከሆነ በዚያ ይግባ። እኔ የምለው፣ ጽፎ ሲጨርስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ይሰርዝ። ሦስተኛው መስመር ላይ ነው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው። ከፊት ከከለከልሽው ግን ልጁ ምን ልበል ብሎ አንድ ሰዓት ወረቀቱ ላይ ያፈጣል።

ለግጥም ሁለት መስመር ይበቃል። በየወል ቤት ስልት፣ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ድምፅ)። ፎቶው ላይ ያለውን አንድ ነገር እና ፎቶው ላይ የማይሰማ አንድ ድምፅ ያምጡ። ይቺን አሁን ሞካከርኳት፦

ጀሪካን ተሰልፎ ባለቤቱ ተኝቶ፣
ቧንቧው ፉጨት ያዘ አየር ብቻ መጥቶ።

ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ልጅ ያቺን ፉጨት ያውቃታል። ከዚያ ውጭ ስለ ችግር አንድም ቃል አላወራሁም። ሰሙንና ወርቁን ለጊዜው ተይው። ቅኔ ካልሆነ ብለሽ ከጫንሽባቸው ተመልሰው ዓባይን ወደ ማሞገስ ነው የሚሄዱት።


መልስ፦ ሠዓሊዋ

ለክበቡ የሚሆን አንድ ጨዋታ አለኝ። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሮኒ ሆርን እ.ኤ.አ. በ1999 የለንደኑን ቴምስ ወንዝ ገጽ በቅርበት ያሳዩ ፎቶዎች አውጥታ ነበር። ሰማይ የለ፣ ድልድይ የለ፤ ውሃ ብቻ። ውሃው ላይ ጥቃቅን ቁጥሮች ጣል ጣል አድርጋለች። ከሥር ለእያንዳንዱ ቁጥር የግርጌ ማስታወሻ አለ። ሰው ፎቶውን እያየ ቁጥሩን ይፈልጋል፣ ያነባል፣ ተመልሶ ውሃውን ያያል።

ይሄ ለጥቁርና ነጭ ኮፒ የተፈጠረ ነው። ልጆቹ በእስክሪብቶ ውሃው ላይ አምስት ቦታ ቁጥር ይጻፉ፤ ከሥር ለእያንዳንዱ አንድ ወይ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ለታንኳው ፎቶ ለምሳሌ፦

1. እዚህ ጋ ደንገሉ ጠቁሯል። ዛሬ መድረቅ ነበረበት፤ ዛሬ ግን ገበያ ነው።
2. ይህ ክብ የዓሣ ነው ወይስ የመቅዘፊያው ጠብታ?
3. ከዚህ በታች አጎቴ የጣለው ሞባይል አለ። አሁንም «ጥሪ አይቀበልም» ይላል።

ድርሰት ጻፉ ሲባል የሚደነግጥ ልጅ ማስታወሻ ጻፍ ሲሉት አይደነግጥም። አምስቱ ሲገጣጠሙ ደግሞ ታሪክ ይወጣቸዋል፤ ባይወጣቸውም ችግር የለም።

ከሀገራችን ደግሞ የፎቶ አንሺዋን የአይዳ ሙሉነህን ሥራ ፈልገሽ በስልክሽ አሳያቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለዋተርኤይድ (በውሃ ላይ ለሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት) የሠራቻቸው ፎቶዎች ስለ ውሃና ስለ ሴቶች ናቸው። ያነሳቻቸው ግን አፋር ውስጥ፣ ጨውና ድኝ በበዛበት ዳሎል ነው። ሰውነታቸውን በቀለም የተቀቡ ሴቶች፣ ቀይና ሰማያዊ ልብስ፣ ደረቅ መሬት። ኮፒ አታድርጊያቸው፤ ቀለሙ ከጠፋ ነገር ዓለሙ ይጠፋል። ዘገባ ካልሆነ ስለ ውሃ እጥረት መናገር አይቻልም ለሚሉሽ ልጆች ጥሩ መልስ ናቸው።


መልስ፦ ጋሽ አርታኢ

ልጄ፣ የጎንደሩን ፎቶ ሁሉም ረሱት። እኔ በመጽሔት ሥራ ስኖር የጥምቀት ፎቶ በየዓመቱ ይመጣልን ነበር፤ ሁልጊዜም ዝላዩ። ውብ ነው፣ ግን ፎቶው ሥራውን ጨርሶታል። ልጁ የሚጨምረው ነገር የለም።

ስለዚህ ልጆቹ ያንን ፎቶ ይዩና ሌላ ቀን ይጻፉ። መዋኛው ዓመቱን ሙሉ ውሃ የለውም። ለጥምቀት ነው ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚገባለት። ጥር 11 ሰው ይዘላል፤ መጋቢት ላይ ደረቅ ወለል ነው። ግንቡን የዛፍ ሥር ጠፍንጎ ይዞታል። ያኔ ማን ይገባል? የሚጠርገው ሰው ምን ያገኛል? አንድ ነጠላ ጫማ? ጥር 11 የዘለለውና ጫማው የጠፋበት ልጅ ተመልሶ ቢመጣስ?

አንድ የአርታኢ ነገር ልናገር። በትምህርት ቤቱ መጽሔት የምታወጡት ከሆነ ፎቶ አንሺውን አስፈቅዱ፣ ስሙንም ከሥር ጻፉ። ከኢንተርኔት ወርዶ «ፎቶ፦ ከድረ ገጽ» የሚባለው ነገር እኔን ያሳምመኛል።


ቲቸር ማሂ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለአርብ ሁለት ፎቶ ብቻ ይዤ እገባለሁ፤ ታንኳውንና ጀሪካኑን። መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ የቁጥር ማስታወሻ፣ በግል። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው የጀሪካን ምልልስ። ግጥሙን ለፈለገ ለቤት ሥራ። ጎንደርን ለጥር አስቀምጬዋለሁ። ጋሽ አርታኢ፣ ጫማው የጠፋበትን ልጅ ሰርቄዎታለሁ።

ማርክ ልስጥ ወይስ አልስጥ?


መልስ፦ የቦኖ ልጅ

ኧረ ማርክ የሚባል ነገር አታንሺ! ምልልሱን ቆመው ያንብቡት። ክፍሉ ከሳቀ ወይ ዝም ካለ ማርኩ እሱ ነው።


መልስ፦ ካሜራ ያዥ

ቲቸር፣ የጀሪካኑ ፎቶ የማን እንደሆነ ካላወቅሽ ተይው። እኛ ሰፈር ሐሙስ ጠዋት ፈረቃ ነው። እኔ አንስቼ በትልቁ እልክልሻለሁ፤ ድንጋዩም እንዲገባ አደርጋለሁ። ስሜን ግን ከሥር መጻፍ እንዳትረሺ፣ ጋሽ አርታኢ እያዩ ነው።