የኮሚኒቲ ኮሌጆቻችንን የሚመራው ሰው ከየትኛው ሙያ ቢመጣ ይሻላል?

የማታ ተማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ቀን አረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ፣ ማታ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ፣ እማራለሁ። ነርሲንግ ለመግባት የሚጠየቁትን ኮርሶች እየጨረስኩ ነው። ዘንድሮ ደግሞ የተማሪዎች ተወካይ ሆኜ ተመርጫለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በስቴታችን ያሉት ኮሚኒቲ ኮሌጆች በሙሉ በአንድ ቦርድ ሥር ናቸው። የሁሉም የበላይ የሆነው ቻንስለር ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ ተተኪ እየተፈለገ ነው። አራት ሰዎች የመጨረሻው ዙር ደርሰዋል፣ ሲቪያቸውም ተልኮልናል። አንደኛው የትልቅ ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ ነው፣ አስተምሮ አያውቅም። ሁለተኛዋ ጠበቃ ናት፣ የስቴቱ ምክር ቤት አባልም ነበረች። ሦስተኛው ሌላ ስቴት ውስጥ የአንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነው። አራተኛዋ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮቮስት ናት፣ የትምህርቱን ጎን በሙሉ የምትመራው እሷ ናት።

ሐሙስ ማታ ከተማሪና ከሠራተኛ ጋር ይገናኛሉ። እኔ እያንዳንዳቸውን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው መጠየቅ የምችለው። መምህራኖቻችን "ኮሌጅ የማያውቅ ሰው መጥቶ ያፈራርሰዋል" ይላሉ። አብረውኝ የሚማሩት ደግሞ "የኩባንያው ሰው ገንዘብና ሥራ ያመጣልናል" ባይ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ምርጫ በቅርብ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። የሰውየው የቀድሞ ሥራ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? ሲቪያቸው ላይስ ምን ልይ?

አናንዴል፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የቨርጂኒያን ልንገርሽ። እኔም ልጆቼም ኖቫ፣ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ነው የተማርነው። አሌክሳንድሪያ ወይ አናንዴል ካምፓስ ገብተሽ አማርኛ ሳትሰሚ አትወጪም፣ ስለዚህ ያ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ለኛም የቤታችን ጉዳይ ነው።

የቨርጂኒያው ሥርዓት 23 ኮሌጆች አሉት። ግሌን ዱቦይስ ከ2001 እስከ 2022 መራው። እሱ ሊወጣ ሲል ቦርዱ በማርች 2022 ራስል ካቫልሁና የሚባል ሰው መረጠ። ሰውየው በወቅቱ ሚሺጋን ውስጥ የሄንሪ ፎርድ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበር። ከዚያ በፊት ግን የአየር መንገድ አብራሪ ነበር፣ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግም ሆኖ ሠርቷል። አሁን ያን ሲቪ እጅሽ ላይ ብታገኚው "አብራሪ ምን ያውቃል?" ብለሽ ነበር የምትጠይቂው አይደል? ጉዳዩ የተበላሸው ግን በዚያ አይደለም። አገረ ገዢ ያንግኪን ሥልጣን ከያዘ ገና ወራት ነበር። የቦርዱን አባላት በብዛት የሾሟቸው ከሱ በፊት የነበሩት ገዢዎች ናቸው፣ የሱ አስተዳደር ደግሞ በምርጫው ላይ በቂ ድምፅ አልተሰጠንም የሚል ቅሬታ ነበረው። ካቫልሁና ሥራውን ሳይጀምር በጁን ራሱን አገለለ። ሻረን ሞሪሲ በጊዜያዊነት ይዛው ቆየችና በ2023 ዴቪድ ዶሬ ገባ፣ እሱ የመጣው አሪዞና ካለው ፒማ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው።

ይህን የምነግርሽ ወድጄ አይደለም። የቻንስለር ሥራ ከአንድ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሥራ ይለያል። ቻንስለር ቀኑን የሚያሳልፈው ከአገረ ገዢው፣ ከምክር ቤቱና ከቦርዱ ጋር ነው፣ በጀት ሲያስፈቅድ፣ የየኮሌጁን ፕሬዚዳንት ሲመርጥ፣ ሲያስታርቅ። ኮሌጅ በደንብ መርቶ ምክር ቤት ፊት ቆሞ አንድ ዶላር ማስጨመር የማይችል ሰው ቢመጣ ለናንተ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ጠበቃዋን ፖለቲከኛ ናት ብለሽ ቶሎ አትለፊያት። ምክር ቤት በነበረችበት ጊዜ ለኮሚኒቲ ኮሌጆች በጀት ምን ብላ ድምፅ ሰጠች? መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ከሐሙስ በፊት ፈልገሽ አንብቢው።

የአፕታውን ልጅ፦

እኔ ቺካጎ ነኝ፣ ስለ ኩባንያው ሰው ላውራ። ቺካጎ ውስጥ በትክክል ይሄው ተሞክሯል።

ሰባቱን የከተማ ኮሌጆች በ2010 የያዘችው ሼሪል ሃይማን ናት። የመጣችው ከኮምኤድ ነው፣ የመብራት ኩባንያው፣ እዚያ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበረች። ግን ኮሌጁን የማታውቅ ሰው አልነበረችም፣ ራሷ የኦሊቭ ሃርቪ ኮሌጅ ተማሪ ነበረች፣ ከከባድ ሕይወት ነው የወጣችው። ስትገባ የመመረቂያው መጠን 7 በመቶ ነበር። ሰባት! ስትወጣ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስሌቱ ላይ መምህራን ብዙ ተከራክረዋል፣ ክርክሩም መሠረት ነበረው፣ ቢሆንም ከሷ በፊት ያን ቁጥር አንስቶ "ይሄ ነውር ነው" ብሎ በግልጽ የተናገረ መሪ ብዙ አልነበረም። አዲሱ የማልኮም ኤክስ ኮሌጅ ሕንፃ፣ በ251 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው፣ በሷ ጊዜ ነው።

ችግሩ የመጣው ኩባንያ ውስጥ ልክ የሆነ ነገር ኮሌጅ ውስጥ ልክ ሳይሆን ሲቀር ነው። እያንዳንዱ ኮሌጅ በአንድ ሙያ ላይ ያተኩር ተባለ። ወረቀት ላይ ሲታይ ያስኬዳል፣ ድግግሞሽ ይቀራል፣ ወጪ ይቀንሳል። ከዚያ የሕፃናት እንክብካቤ ትምህርቱ ተጠቃሎ ወደ ትሩማን ኮሌጅ እንዲመጣ ተደረገ። ትሩማን እዚሁ እኛ ሰፈር ነው፣ ዊልሰን ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በሰሜን በኩል። ለኛ ሐበሾች ተመቸን። ደቡብ ቺካጎ ያለችውን እናት ግን አስቢያት። ቀን የሰው ልጅ ጠብቃ፣ የራሷን ልጅ ለጎረቤት ትታ፣ ቀዩን ባቡር ይዛ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጣ ለማታ ክፍል ልትደርስ ነው፣ ደግሞም ሌሊት መመለስ አለ። እሷ ወጪ ተብላ በሰንጠረዡ ውስጥ አልገባችም። በ2016 መምህራኑ በሃይማን ላይ እምነት የለንም ብለው ድምፅ ሰጡ፣ በዚያው ዓመት እንደምትለቅ አስታወቀች።

በ2017 የተተካው ሁዋን ሳልጋዶ ደግሞ የስደተኛ ሠራተኞችን የሚያሠለጥን የማኅበረሰብ ድርጅት ይመራ የነበረ ሰው ነው፣ ራሱም የሞሬይን ቫሊ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ምሩቅ። ሁለቱም እንግዲህ ከኮሌጅ አስተዳደር ውጭ ነው የመጡት። ልዩነታቸው ከመምጣታቸው በፊት ቀን በቀን የሚያገኙት ሰው ማን ነበር የሚለው ላይ ነው። አንደኛዋ ደንበኛና ባለ አክሲዮን ስታገኝ ነበር፣ ሌላኛው የማታ ተማሪ።

ለኩባንያው ሰው ጥያቄሽ ይሄ ይሁን፦ አንድ ትምህርት ተማሪ አነሰው ተብሎ ሊዘጋ ሲል፣ ለመዝጋት ወይም ላለመዝጋት ከመወሰንዎ በፊት ማንን ያነጋግራሉ?

የሒሳብ መምህር፦

ከሁለት ኮሌጅ ወደ ሦስተኛው እየሮጡ ከሚያስተምሩት የትርፍ ሰዓት መምህራን አንዱ ነኝ፣ ስለዚህ ጉዳዩ ይነካኛል። አናንዴል ስለ ፖለቲከኞች ያልከው ልክ ነው፣ ግን የአላባማው ታሪክ ሳይነሳ አይታለፍም።

አላባማ ውስጥ የሁለት ዓመት ኮሌጆችን ይመራ የነበረው ሮይ ጆንሰን የቀድሞ የምክር ቤት አባል ነበር። በሥሩ ኮሌጆቹ የዘመድና የወዳጅ መቀጠሪያ ሆኑ፣ የምክር ቤት አባላት ራሳቸው ኮሌጆቹ ውስጥ ደመወዝተኛ ነበሩ። የበርሚንግሃም ኒውስ ጋዜጣ ያን ሁሉ አወጣው፣ ጋዜጠኛው ብሬት ብላክሌጅ በ2007 ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቁን የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸለመበት። ጆንሰን በ2006 ተባረረ፣ በኋላም ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነኝ አለ። ያን ያጸዳል ተብሎ በ2007 የመጣው ማን መሰላችሁ? ብራድሊ በርን፣ ጠበቃና የስቴቱ ሴናተር! በሱ ጊዜ ነው የምክር ቤት አባል ኮሌጆቹ ውስጥ እንዳይቀጠር የሚከለክል ደንብ የወጣው። ሁለት ሰዎች፣ ከአንድ ዓይነት ቤት የወጡ፣ አንዱ አበላሸ አንዱ አስተካከለ። "ፖለቲከኛ" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

እኔ ግን በበኩሌ ልቤ ያለው ከውስጥ ያደገ ሰው ጋ ነው። ካሊፎርኒያን እዩ፣ 116 ኮሌጆች፣ ከሁሉም ስቴት የሚበልጥ። እንድትመራው የተመረጠችው ሶንያ ክርስቲያን ከሕንድ ኬረላ የመጣች ናት፣ በ1991 በቤከርስፊልድ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር ሆና ጀመረች። ኋላ የዚያው ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነች፣ ቀጥሎ የአካባቢውን ኮሌጆች፣ በ2023 ደግሞ ስቴቱን በሙሉ። ከሷ በፊት በቋሚነት የመራው ኤሎይ ኦርቲስ ኦክሊ ከውትድርና ተመልሶ ጎልደን ዌስት የሚባል ኮሚኒቲ ኮሌጅ የተማረ ሰው ነው። ሴፕቴምበር ላይ ሠላሳ ሆኖ የጀመረ ክፍል ኖቬምበር ላይ ግማሽ ሲሆን ያየ ሰው ቁጥሩን ሪፖርት ላይ ሲያነበው ፊቶቹ ይታዩታል። ይሄ በሥልጠና አይመጣም።

ሦስተኛው ሰው ላይ ግን አንድ ነገር እዪ። በየኮሌጁ ስንት ዓመት ቆየ? ሁለት ሁለት ዓመት እየቆየ የሚዘል ፕሬዚዳንት አለ፣ እቅድ አውጥቶ ውጤቱ ሳይታይ ይሄዳል። ከመምህራኑስ ስንቱ እንደኔ በኮንትራት የሚሠራ ነው? ያን ቁጥር ሳያይ ከመለሰልሽ ጥሩ ምልክት ነው።

ክሬዲቴ፦

ፕሮቮስቷን ሁላችሁም ረሳችኋት። እኔ የምፈራው እሷን ነው፣ በጣም የምትጠቅመውም እሷ ልትሆን ትችላለች።

ሁለት ዓመት ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተምሬ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስዛወር "ክሬዲትሽ በሙሉ ተቀባይነት አግኝቷል" የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ደወልኩ። መዝገቡን ስከፍተው ግማሹ ምርጫ ኮርስ በሚለው ሥር ተቀምጧል። ተቀበሉት እንጂ ለዲግሪዬ አልቆጠሩትም። አካውንቲንግ አንድን እንደገና ከፍዬ ተማርኩት፣ ያው መጽሐፍ፣ ያው ምዕራፍ። ብዙ ሐበሻ እዚህ ላይ ነው ገንዘቡንና ዕድሜውን የሚያጣው፣ ሥራና ልጅ ይዞ አንድ ዓመት መጨመር ማለት ማቋረጥ ማለት ነው ለአንዳንዱ።

ይህን የሚወስኑት የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍሎች ናቸው፣ የነሱ አለቃ ደግሞ ፕሮቮስቷ ናት። መፍታት ይቻላል፣ ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ አድቫንስ በሚባለው ፕሮግራም ተማሪው ገና ከመጀመሪያው የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርለት አውቆ እንዲገባ አድርገዋል። ስለዚህ ጠይቂያት፦ እርስዎ ፕሮቮስት በነበሩበት ጊዜ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ከመጡ ተማሪዎች ክሬዲት ለሜጀራቸው፣ ለዋናው የትምህርት ዘርፋቸው፣ የተቆጠረው ምን ያህሉ ነው? ተቀባይነት ያገኘው አይደለም፣ የተቆጠረው።

የማታ ተማሪዋ፦

እግዜር ይስጣችሁ፣ ለሁላችሁም። የክሬዲቱን ጥያቄ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፣ የኔም ሕመም ነው። የቺካጎዋን እናት ሳነብ የራሴን ባቡር አሰብኩ። የጠበቃዋን የምክር ቤት ድምፅ ዛሬ ማታ ከሥራ ስመለስ እፈልጋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ "እሱን በተመለከተ ከሁሉም ባለድርሻ ጋር ተቀራርበን እንሠራለን" ብለው ቢያልፉኝስ? ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ የለኝም እኮ።

አናንዴል፦

ጥያቄሽን ስትጀምሪ "ወደፊት ምን ያደርጋሉ" አትበዪ፣ እዚያ ነው የሚያመልጡሽ። "እስካሁን በነበሩበት ቦታ ምን አደረጉ፣ በየትኛው ዓመት፣ ውጤቱስ?" በዪ። ደግሞ የመምህራኑን ተወካይ ቀድመሽ አግኚያት። እሷም ጥያቄ ይኖራታል፣ ተነጋግራችሁ ብትካፈሉት አንቺ የጀመርሽውን እሷ ትቀጥልልሻለች።

የሒሳብ መምህር፦

አዎ፣ እንደሱ አድርጊ። ሐሙስ ካለፈ በኋላ መልሶቻቸውን እዚህ ጻፊልን፣ እኛ ስቴትም በቅርቡ ይሄው ምርጫ ይመጣል።