በስካን የጎላ ኢላማ ለሕክምናም ይሆናል?

የፋርማሲዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ጥናቴ ኤፍኤፒ የተባለውን ፕሮቲን ኢላማ የሚያደርግ፣ ለምስልም ለሕክምናም የሚያገለግል ሞለኪውል ላይ ልሠራ አስቤአለሁ። ጋሊየም-68 በተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተነሡትን ስካኖች ሳይ የቆሽቱም የጡቱም ካንሰር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አማካሪዬ ግን «ስካን አይቶ ኢላማ አይመረጥም» አሉኝ። ምን ጎደለኝ? ፕሮፖዛሉን የማስገባው በዚህ ወር ነው፤ እባካችሁ እርዱኝ።

ዶ/ር ጋማ፦
አማካሪሽ እውነታቸውን ነው። ያየሽው ስካን መድኃኒቱ ከተወጋ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ የተነሣ ነው። የጋሊየም-68 ግማሽ ዕድሜ 68 ደቂቃ ስለሆነ ለምስል ይህ ይበቃል። ለሕክምና የሚውለው ጨረር አመንጪ ሉቴሲየም-177 ግን ግማሹ እስኪያልቅ ስድስት ቀን ተኩል ያህል ይፈጅበታል። የመጀመሪያዎቹ የኤፍኤፒ ሞለኪውሎች ከዕጢው ቶሎ ታጥበው ይወጣሉ፤ መድኃኒቱ ከወጣ በኋላ ሉቴሲየሙ ጨረሩን የሚረጨው ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ስንት ገባ ብቻ ሳይሆን ስንት ቀን ቆየ ብለሽ ጠይቂ።

ሌላው ጤነኛው አካል ነው። በፕሮስቴት ካንሰር ላይ የሚገኘው ፒኤስኤምኤ የተባለው ፕሮቲን ጥሩ ኢላማ ነው፤ የሉቴሲየም መድኃኒቱም በ2022 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል። ሆኖም የምራቅ ዕጢዎችና ኩላሊትም መድኃኒቱን ይስባሉ። የአልፋ ጨረር በሚያመነጨው በአክቲኒየም-225 ሲሞከር አፋቸው ከመድረቁ የተነሣ ሕክምናውን ያቋረጡ ሕሙማን አሉ። ምግብ አልዋጥ ያለው ሰው ፊት ስትቀመጪ ይህ ነገር ቁጥር ብቻ አይሆንብሽም።

ኬሚስቱ፦
በዶክተር ሐሳብ ላይ ልጨምር። ኤፍኤፒ በብዛት ያለው በካንሰሩ ህዋስ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ፋይብሮብላስቶች (የደጋፊ ሕብረ ሕዋስ ህዋሳት) ላይ ነው። የሉቴሲየም ቤታ ጨረር እስከ ሁለት ሚሊሜትር ስለሚሄድ ጎረቤቱን ካንሰር ይደርስበታል። የአልፋ ጨረር ግን ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እምብዛም አያልፍም፤ አይሶቶፑን (ጨረር አመንጪውን አቶም) ከኢላማው ጋር አብረሽ ምረጪ። ደግሞም ኤፍኤፒ በሚድን ቁስልና በተቆጣ መገጣጠሚያ ላይም ይወጣል።

የፋርማሲዋ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ርዕሱን ልተወው? ወደ ህዋሱ ውስጥ የሚገባ ኢላማ ብቻ ነው የሚያዋጣው?

ኬሚስቱ፦
አትተዪው። መግባት ብቻውን መለኪያ አይደለም፤ ለሶማቶስታቲን ተቀባይ (በአንዳንድ ዕጢዎች ላይ ላለ ሌላ ኢላማ) የተሠሩት አንታጎኒስቶች፣ ማለትም ተቀባዩን ሳያነቃቁ የሚይዙት ሞለኪውሎች፣ እምብዛም ወደ ውስጥ ሳይገቡ፣ ብዙ ቦታ ላይ ስለሚጣበቁ ብቻ ተቀባዩን ከሚያነቃቁት ከቀደሙት የበለጠ ጨረር ለዕጢው ያደርሳሉ። አንቺም ጥያቄሽን ወደ ቆይታ አዙሪው፦ ኤፍኤፒን በሁለት እጅ የሚይዝ ሞለኪውል ሠርተሽ በ24 እና በ72 ሰዓት ዕጢውንም ኩላሊቱንም ለኪ። ኤፍኤፒ በጂን የተጨመረባቸውን የኤችቲ-1080 ህዋሳት (በላብራቶሪ የሚራቡ የሰው ካንሰር ህዋሳት) ብቻ ግን አትመኚ። ፕሮቲኑ እዚያ ላይ ከሕሙማን ዕጢ እጅግ ስለሚበዛ ውጤቱ ያማረ ይመስላል። ፋይብሮብላስት የተቀላቀለበት ዕጢም ጎን ለጎን ይኑርሽ።

ዶ/ር ጋማ፦
እስማማለሁ። የኩላሊቱን ልኬት ፕሮፖዛሉ ውስጥ ከወዲሁ ጻፊው፤ ገምጋሚዎች መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።